ለእህቴ ልጅ የጫንኩለት ጌም



ክረምት በገባ ቁጥር ከወላጆች የምሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ትምህርት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ ልጁ ስልኩን ከእጁ አይለቅም። «መከልከሉን ትቼዋለሁ፤ ቢያንስ የትኛው ጌም ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። በተለይ ወንዶቹ ልጆች የመኪናና የሞተር ውድድር ጌም ካገኙ ምሳም አይጠሩ። እስካሁን የማደርገው ስም መዘርዘር ነበር። ዛሬም ስም እጠራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን እኔው ራሴ መርጬ የጫንኩት አንድ ጌም ምን እንዳሳየኝ ልንገራችሁ።

እህቴ የምትኖረው ደምበጫ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ፣ ፍኖተ ሰላም ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። ብዙዎቻችሁ በአውቶቡስ መስኮት አይታችኋት አልፋችኋል፤ በአረቄዋ የምታውቋትም አትጠፉም። ዋናው አስፋልት ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። እህል የጫነው አይሱዙ፣ ሰው የጫነው አባዱላ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከገበያ የሚመለሰው አህያ፣ ደብተሩን በጉያው ይዞ የሚሮጠው ተማሪ፣ ሁሉም በዚያችው መንገድ ላይ ነው። እህቴ እዚያው አስፋልቱ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት አላት።

እኛ ልጆች ሳለን የመኪና ውድድር ማለት የሽቦ መኪና ነበር። አንዱ ሽቦ ከአጥር ይፈታል፣ ሌላው ከአሮጌ ጫማ ሶል ጎማ ይቆርጣል። ሽቦ ያጣ ደግሞ ቸርኬ በዱላ እየገፋ ቁልቁል ይሮጣል። ሶሉ የተቆረጠበት ጫማ አሮጌ መሆኑን እኛ እንጂ እናታችን አታምንም ነበር፤ በዚህ የተነሳ የበላሁትን ኩርኩም አሁንም አስታውሰዋለሁ። ታዲያ በ2014 ዓ.ም. ክረምት የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ስሄድ፣ የያዝኩለት ስጦታ ከሽቦ መኪና የተሻለ መስሎኝ ነበር። ስክሪኑ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ፣ ግን በደንብ የሚሠራ የቀድሞ ቴክኖ ስልኬን ነው የወሰድኩለት። ልጁ ያኔ 15 ዓመቱ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ በዋይፋይ ሦስት ጌሞች ጫንኩበት። አንደኛው አስፋልት 9 ነው፤ ጌምሎፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ውድ ውድ መኪኖች በአየር ላይ የሚንሳፈፉበት፣ ለዓይን የሚያምር ጌም። ሁለተኛው ትራፊክ ራይደር፣ ሦስተኛው ደግሞ ሂል ክላይም ሬሲንግ።

የመጀመሪያው ስህተቴ የታወቀኝ በሁለተኛው ቀን ነው። አስፋልት 9 ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም። በዚያ ላይ በጊጋ ባይት የሚቆጠር ቦታ ይይዛል፤ በየጊዜው ደግሞ «አድሰኝ» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ የቢሮ ዋይፋይ የለመደ ሰው ይህን ልብ አይልም። ደምበጫ ያለ ተማሪ ግን ዳታ የሚገዛው በኪሱ ሳንቲም ነው፤ የሚገዛውም ቴሌግራም ለመክፈት እንጂ መኪና ለማሳደስ አይደለም። ልጁ ምንም ሳይለኝ አጠፋውና በቦታው ዘፈን ሞላበት። ልክ ነበር።

ከዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ነገሩ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ለወራት ቴሌግራም የለም፣ ዩቲዩብ የለም፣ ቲክቶክ የለም። ትምህርቱም ቆም ቀጠል ይል ነበር። ያን ጊዜ አንድ ስልክ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ካለ ሀብት ነው። ወጣቶቹ በዜንደር ፊልሙንም ጌሙንም ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ ነው ያን ጊዜ ያለፉት። እህቴም ስልክ በተገናኘን ቁጥር ታመሰግነኝ ነበር። «ተመስገን ነው ወንድሜ፣ ባይሆን እሱን ይዞ እቤት ይቀመጥልኛል» ትለኝ ነበር። እናት በዚያ ሰሞን ልጇ ከቤት ባይወጣላት እንዴት ደስ እንደሚላት የምነግራችሁ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም.፣ መንገድ ክፍት በሆነበት አንድ ሳምንት፣ ለለቅሶ ወደዚያው ሄድኩ። መናኸሪያው በር ላይ የእህቴ ልጅ ባጃጅ ይዞ ጠበቀኝ። ባጃጁ የጎረቤት ነው። ባለቤቱ ለምሳ ሲገባ ለልጁ ይሰጠዋል፤ ልጁም ሁለት ሦስት ዙር ሠርቶ ትንሽ ብር ያገኛል። ዕድሜው 17፣ መንጃ ፈቃድ የለውም። ይህን እህቴ በስልክ አልነገረችኝም።

ከመናኸሪያው ወጥተን አስፋልቱን እንደያዝን ከፊታችን አንድ የጫነ አይሱዙ ያዘግማል። ከፊት ለፊት አባዱላ ይመጣል። ማንም ሰው አይሱዙን ተከትሎ ትንሽ ይጠብቃል ብዬ አስቤ ነበር። ልጁ ግን ባጃጇን ወደ ግራ ጎተታት፤ በአይሱዙና በአባዱላው መሃል አሾልኮ አሳለፈን። የአባዱላው መስታወት ከጆሮዬ በአንድ ክንድ ርቀት አለፈ ብል አላጋነንኩም። ጮህኩ። እሱ ፈገግ ብሎ በመስታወቱ አየኝና፣

«ጋሼ፣ አይፍሩ። ገና ብዙ ቦታ ነበር» አለኝ።

«ብዙ ቦታ» የሚለውን ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። በማግስቱ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ቁጭ ባልንበት ስልኩን አምጥቶ ትራፊክ ራይደርን ሊያሳየኝ ጀመረ። ኮርቶበታል። ብዙ ሞተሮች ከፍቷል። እኔ አጠገቡ ሆኜ ስክሪኑን ሳይ፣ መኪና አጠገብ ታኮ ባለፈ ቁጥር ነጥብ ብልጭ ይላል። «ይኼ ምንድነው?» አልኩት።

«በቅርበት ሲያልፉ ነው የሚሰጠው ጋሼ። ከ100 በላይ ሄደው ጠጋ ብለው ካለፉ ቦነስ አለው። በተቃራኒ መስመር ከነዱ ደግሞ ይበልጣል።»

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጌም የጫንኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ አሥር ደቂቃ ሞክሬው፣ የሞተሩ ድምፅ እውነተኛ ስለሚመስልና ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ብቻ «ጥሩ ነው» ብዬ ነው። ጌሙን የሠራው ሶነር ካራ የተባለ ቱርካዊ ነው፤ ከእሱ በፊት ትራፊክ ሬሰር የተባለውንና በመኪና የሚነዳውን ጌም ሠርቷል። የሁለቱም ሕግ ተመሳሳይ ነው። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳችሁ ሌላውን መኪና ተጠግታችሁ ስታልፉ ተጨማሪ ነጥብና ገንዘብ ታገኛላችሁ። ሁለት አቅጣጫ ባለው መንገድ ላይ በተቃራኒው መስመር ስትነዱም እንደዚያው። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ጌሙ ራሱ እንደ ምክር ይነግራችኋል። ሞተሩን አንድ ጎማ ላይ ማቆምም ያስከፍላል፤ እንግዲህ የሚከፍለው ጌሙ ነው።

ጌም ሰው ይገድላል የምል ሰው አይደለሁም። የልጁን ባጃጅ የሚነዳው ልጁ እንጂ ስልኩ አይደለም። ደምበጫ ውስጥ ምንም ጌም ነክቶ የማያውቅ፣ ግን ከእሱ ብሶ የሚነዳ ሹፌር በየቀኑ ይታያል። ልጁም ቢሆን ሞኝ አይደለም፤ ይህንኑ ስነግረው፣ «ጋሼ፣ ባጃጅ እኮ መቶ አትሄድም» ብሎ አሳቀኝ። እውነቱን ነው። ግን አንድ ነገር አለ። ይህ ልጅ በዚያ ዓመት ውስጥ ሌላ የሚያየው ነገር ሳይኖር፣ በቀን ምናልባት ሁለት ሰዓት፣ «ጠጋ ስትል ትሸለማለህ» የሚል ልምምድ ሠርቷል። እጁ አይሱዙንና አባዱላውን ሲያይ የለመደውን ርቀት ለካ። በጌሙ ውስጥ ሲጋጭ ስክሪኑ ትንሽ ይቀላል፣ «እንደገና» የሚለውን ይነካል፣ ይነሳል።

እህቴ ይህን ስትሰማ ጀበናዋን አስቀመጠች። «አንተ አይደለህ ያመጣህበት!» አለችኝ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። የባጃጁ ቁልፍ የዚያኑ ቀን ለባለቤቱ ተመለሰ፤ መንጃ ፈቃድ እስኪይዝ ላይነካ። ልጁ አኮረፈ። ያገኛት የነበረችው ብር ለቤቱም ጥቅም ነበራትና እህቴም ውሎ አድሮ ሳይከነክናት አልቀረም፤ ግን አልተመለሰችበትም።

እኔ ደግሞ ጌሙን አጥፋው አላልኩትም። በግድ የጠፋ ጌም በማግስቱ በዜንደር ከጓደኛ ይመጣል። ይልቅስ እሱ ንቆ የተወውን ሦስተኛውን ጌም ከፈትኩና «ና ተወዳደረኝ» አልኩት።

ሂል ክላይም ሬሲንግን ፊንገርሶፍት የተባለ የፊንላንድ ኩባንያ ያወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ሥዕሉ የሕፃን ይመስላል። አንድ ቆብ ያደረገ ሰውዬ በትንሽ ጂፕ ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል። ያላችሁ ሁለት ፔዳል ብቻ ነው፤ ነዳጅና ፍሬን። ሌላ መኪና የለም፣ የምትቀድሙት ሰው የለም። የምትታገሉት ከመሬቱና ከነዳጁ ጋር ነው። ነዳጁን አብዝታችሁ ከረገጣችሁ ጂፑ አፍንጫው ይነሳና በጀርባው ይወድቃል፤ የሰውዬው ራስ መሬት ከነካ አለቀ። በጣም ከቀሰሳችሁ ደግሞ የሚቀጥለው ጀሪካን ጋ ሳትደርሱ ነዳጅ ያልቃል። ስለዚህ ልጁ የሚለማመደው እግሩን መቼ እንደሚያነሳ ነው። እዚህም በአየር ላይ መገለባበጥ ሳንቲም ያስገኛል፤ መልአክ ጌም አላገኘሁላችሁም። ግን የተገለበጠው ሁሉ ወዲያው ዋጋውን ይከፍላል።

የመጀመሪያውን ቀን አሸነፍኩት። ፍጥነት ለምዶ ስለነበር በየዳገቱ አናት ላይ ይገለበጣል። «ይኼ ጌም ተበላሽቷል» አለ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ዳገቱ አናት ላይ ሲደርስ ነዳጁን መልቀቅ ጀመረ። ነዳጅ ቁጠባ ላይማ እኔ አልደርስበትም። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ እየተለካ ሲሸጥ ያየ ልጅ፣ ጀሪካን ሲያይ ምን እንደሚሰማው አትጠይቁኝ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ጌም ከመጫናችሁ በፊት ስልኩን አውሮፕላን ምልክቱ ላይ አድርጉና ክፈቱት፤ ካልተከፈተ ከከተማ ወጣ ላለ ልጅ አትስጡት። ከተከፈተ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ራሳችሁ ተጫወቱ፤ ነጥቡ የሚመጣው ምን ስታደርጉ እንደሆነ እዩ። እኔ የሳትኩት ይህንን ነው። በመደብሩ ላይ ያለው የዕድሜ ምልክት ደም አለ ወይስ የለም የሚለውን ይነግራችኋል እንጂ፣ ልጃችሁ የሚኖረው አስፋልት ዳር መሆኑን አያውቅም።

የአስፋልትን አምሮት ላልጣሉ፣ ያው ጌምሎፍት አነስተኛ ቦታ ላላቸው ስልኮች ብሎ የሠራው አስፋልት ናይትሮ አለ፤ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ቦታ ነው የሚይዘው። ለትናንሾቹ፣ ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉት፣ ቢች በጊ ሬሲንግን እወድላቸዋለሁ። መኪናዎቹ መጫወቻ ይመስላሉ፣ ውድድሩ ባሕር ዳርና ጫካ ውስጥ ነው፣ ከእውነተኛ መንገድ ጋር ማንም አያምታታውም። ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ከአገራችን ደግሞ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራውን ኩኩሉን ሞክሩ። ዶሮዋ ትሮጣለች፣ ገበሬው ያሳድዳታል፤ እናንተ መሰናክሉን ታዘልሏታላችሁ። ድብብቆሽ ስንጫወት የምንጠራራበትን ቃል ስልክ ላይ ሳየው ደስ ብሎኛል። እነዚሁ ሰዎች የገበጣ ጌምም ሠርተዋል። ገበጣን ከአያቱ የተማረ ልጅ ስልኩን አሸንፎ ሲስቅ ማየት በራሱ መዝናኛ ነው። (ዳማን ግን በቆርኪ ተጫወቱት፤ ቆርኪው ሲንኳኳ ካልተሰማ ዳማ አይደለም።)

አንድ ስልክ ላለው ቤተሰብ ከሁሉ የሚሻለው በየተራ የሚነካ ጌም ነው። ሉዶ ኪንግ የተባለው የሕንድ ጌም ያለ ኢንተርኔት በአንድ ስልክ ለአራት ሰው ይሆናል፤ ዳይሱን አንዱ ይጥላል፣ ስልኩን ለሌላው ያቀብላል። እህቴ ሻይ ቤት ውስጥ ዝናብ ያስቆማቸው ደንበኞች ሲጫወቱት አይቻለሁ። የተሸነፈ የሁሉንም ሻይ ይከፍላል። እህቴ በዚህ ጌም ላይ ምንም ቅሬታ የላትም።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ አውሮፕላን ስትነሳ እያያችሁ ሳትወድቅ «አውጣ» የምትሉበት፣ በቴሌ ብር የሚከፈልበት «ጨዋታ» ጌም አይደለም፤ ቁማር ነው። ምስሉ ጌም ስለሚመስል ወላጅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሳያውቅ ያልፈዋል። ልጃችሁ የሚጫወተው ነገር የስልክ ቁጥርና የሚስጥር ቁጥር ከጠየቀው፣ ጉዳዩን እዚያው አቁሙት።

ዜንደርን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። በዜንደርም ሆነ ዘፈንና ፊልም ከሚጭኑ ሱቆች የሚመጣ ጌም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ሱቅ ያስጫንኩት የሞተር ጌም ስልኬን ማስታወቂያ በማስታወቂያ አድርጎት፣ በመጨረሻ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ለማስነሳት ተገድጃለሁ። ከሰው ስትቀበሉ ያ ሰው ሲጫወትበት ያያችሁትን ጌም ተቀበሉ። ሲከፈት የስልክ ማውጫችሁን ወይም አጭር መልእክታችሁን ላንብብ ካለ አትፍቀዱ፤ ጂፕ ዳገት ለመውጣት የማንም ስልክ ቁጥር አያስፈልገውም። ዳታ ዘግታችሁ ስትጫወቱ ደግሞ አብዛኛው ማስታወቂያ አይመጣም፤ ባትሪም ይቆጥባል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግ አትርሱ።

«ስንት ሰዓት?» ለምትሉኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት በቀን ከ1 ሰዓት የበለጠ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ጭራሽ። ከዚያ በላይ ላሉት እኔ የምለካው በሰዓት ብቻ አይደለም። ስልኩን አስቀምጥ ሲባል ምን ይሆናል? እንቅልፉስ? ጓደኞቹ ውጭ ሲጠሩት ይወጣል? በዚያው ዓመት ድርጅቱ በጌም ሱስ መጠመድን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ መስፈርት ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ልጁ መቆጣጠር ሲያቅተውና ሌላው ኑሮው ሲበላሽ።

የእህቴ ልጅ ዛሬ 18 አልፎታል። የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና እንዲጀምር ገንዘብ እያጠራቀምን ነው፤ እህቴ ከሻይ ቤቱ፣ እኔም የድርሻዬን። ትራፊክ ራይደርን አላጠፋውም፤ አሁንም ይጫወተዋል፤ «ይኼ ጌም ነው ጋሼ፣ አውቀዋለሁ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የስክሪን ፎቶ ላከልኝ። ሂል ክላይም ላይ ጂፑን ጨረቃ ላይ እየነዳ ነው፤ ከሥሩ «እርስዎ የት ደረሱ?» ብሎ ጽፏል።

እኔ ሦስተኛው ዳገት ላይ ነዳጅ አልቆብኛል።